ድምፁን ያጠፉ ተመልካቾች

የሓድነት ሥራ ሰው ራግቢ ሊግ የሚባለውን የኳስ ጨዋታ ለምን እንደሚያይ ማወቅ ነበር። እናቷ ስለ ልጃቸው ሥራ ሲጠየቁ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ብለው ይገላገሉ ነበር፤ እሷም ከዚያ በላይ አስረድታቸው አታውቅም። አዲስ አበባ ከኤርትራውያን ወላጆች ተወልዳ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ሚኒሶታ ገብታ፣ እዚሁ ስታቲስቲክስ ተምራ፣ አሁን በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ውስጥ ካለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትሠራለች። መሥሪያ ቤቷ የእንግሊዝ ራግቢ ሊግ ጨዋታዎችን በአፕ አማካይነት ለአሜሪካ ተመልካች የሚያሠራጭ ትንሽ ኩባንያ ነበር።

የማሠራጫው ውል ሊያልቅ ነው። ኩባንያው ያድሰው ወይስ ይተወው የሚለው ገና አልተወሰነም። አለቃዋ ክሬግ፣ ድሮ የሬዲዮ ድምፅ ቴክኒሻን የነበረ፣ ረጅምና ትዕግሥት የሌለው ሰው፣ በጥር ወር ጠርቷት አንድ ጥያቄ ሰጥቷት ነበር።

«ተመልካቹን የሚያመጣው ምንድን ነው? ከመጣ በኋላስ የሚያቆየው?»

ሓድነት ሥራውን ወደደችው። የእያንዳንዱን ጨዋታ ቁጥር ደቂቃ በደቂቃ እየዘረዘረች ስታይ ብዙ ነገር ተገለጠላት። በረዶ የጣለ ቀን ተመልካች ይጨምራል። ጎረቤታሞች የሆኑ ከተሞች ሲገጥሙ ይጨምራል። የእንግሊዝ ምሽት እዚህ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የአርብ ጨዋታ ሰው ሥራ ላይ እያለ ይደርሳል፤ ስለዚህ የቅዳሜው ይበልጠዋል። ከሁሉም በላይ ወሳኙ ግን የነጥብ ልዩነት ነበር። አንዱ ቡድን በአሥራ ስምንት ነጥብ ከመራ፣ ተመልካቹ አውቶቡስ እንደመጣለት ሰው ብድግ ብሎ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አሰባስባ የሠራችው ስሌት፣ ጨዋታው ሳይጀመር ስንት ሰው እንደሚያየው ይናገር ነበር፤ ቢሳሳት በሃያ፣ ቢበዛ በሠላሳ ነው።

ከዚያ በሁዳዴ አጋማሽ፣ አንድ አርብ፣ ስሌቱ ክፉኛ ተሳሳተ።

ጨዋታው በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ የሚገኙት የሁለቱ ቡድኖች፣ የሃርስዊክና የዶልባንክ ነበር። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ሁለት መቶ አሥር ቴሌቪዥን ይከፈታል ብላ ነበር። የተከፈተው አንድ ሺህ ዘጠና ሆነ። ዶልባንክ አርባ ለስድስት እየመራ እንኳን የሚነሣ አልነበረም። ከሁሉ የገረማት ግን ሌላ ነው፤ ከአሥሩ ቴሌቪዥን ስምንቱ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«ሮቦት ነው» አለ ክሬግ፣ ስክሪኗን አንድ ጊዜ በዓይኑ ገረፍ አድርጎ። «የሆነ ሰው ፕሮግራም ጽፎ አካውንት እየከፈተ ነው። ሰው ድምፅ አጥፍቶ አርባ ለስድስት አያይም። ዲሊት አድርጊው።»

«አንድ ሳምንት ስጠኝ» አለችው።

በሚቀጥለው አርብ ሌሎች ቡድኖች ተጫወቱ፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው አርብ ሓድነት ምሳዋን ሳትበላ ስክሪኗ ላይ ተተከለች። ቴሌቪዥኖቹ በብዛት ያሉት በሦስት ቦታ ነው፤ ቡርንስቪል፣ ኒው ሆፕ እና እዚሁ ሴንት ሉዊስ ፓርክ። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ በአሜሪካ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ዕረፍት ሆነ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ መቶ የሚሆኑት ቴሌቪዥኖች በአሥር ሰከንድ ውስጥ ፖዝ ተደረጉ።

ሓድነት ከወንበሯ ተነሣች።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆሙ። ከዚያ ዘጠኝ መቶዎቹም አንድ ላይ ቀጠሉ።

ክሬግ ከኋላዋ ቆሞ ኖሮ እጁን አጨበጨበ። «ይኸው! አንድ ላይ ቆሙ፣ አንድ ላይ ተነሡ። ከዚህ የበለጠ የማሽን ምልክት ምን አለ? በይ አጥፊው።»

ሓድነት አልሰማችውም። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ነበር። ሦስት ሰዓት። በእናቷ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት። አርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሁዳዴ። በልጅነቷ በዚያ ሰዓት ቤታቸው ውስጥ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል፣ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ የዋለ ሆድ የመጀመሪያውን ጉርሻ ያገኛል።

«ክሬግ» አለች። «ማሽን አይጾምም።»

«ምን?»

ስልኳን አንሥታ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። የደወለችው ለእትዬ ቅድስት ነው። እትዬ ቅድስት የእናቷ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ ቡርንስቪል ባለ የአረጋውያን መዋያ፣ ዴይ ኬር፣ ውስጥ ነርስ ረዳት ሆነው አሥራ አራት ዓመት ሠርተዋል። ሓድነትን እናቷ ሁለት ሥራ በሚሠሩበት ጊዜ ከትምህርት ቤት የሚወስዷት እሳቸው ነበሩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አርብ አርብ ከሰዓት እዚያ ቴሌቪዥን ላይ ምንድን ነው የምታዩት?»

«ጋሽ ተወልደን ነዋ!» አሉ እትዬ ቅድስት፣ እንዴት ይህን አታውቂም በሚል ድምፅ። ከጀርባቸው የብዙ ሰው ጩኸት ይሰማል። «ሓዱዬ፣ በኋላ ልደውልልሽ? ግንቡ ኳስ ይዟል!»

ስልኩ ተዘጋ።

*

በሚቀጥለው አርብ ሓድነት ከእኩለ ቀን በፊት ቡርንስቪል ደረሰች። ዴይ ኬሩ ከአንድ የጎማ ሱቅ ጎን ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። በሰፊው አዳራሽ አርባ ያህል አረጋውያን ወንበራቸውን በግማሽ ክብ አድርገው ከትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ኮፍያ ያደረጉ ሐጂዎች፣ የመራመጃ ድጋፋቸውን፣ ዎከራቸውን፣ ፊታቸው ያቆሙ አባቶች። መሃል ላይ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ በስፒከር የተከፈተ ስልክ አለ። ከስልኩ ኋላ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ካርዲጋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠው ወረቀት ያገላብጣሉ።

ተወልደብርሃን ይባላሉ። የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። አሥመራ በአማርኛ ተምረው፣ እዚያው የስፖርት መምህር ሆነው፣ በኋላ በስደት እንግሊዝ አገር ገቡ። ሃርስዊክ በምትባል የሰሜን ከተማ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ልጃቸው ሚኒሶታ ስታገባ ተከትለዋት መጡ።

«የፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ ቅዳሜ ስታዲየም ነው የሚውለው» አሏት ለሓድነት። «እኔ ቋንቋውም አይገባኝ፣ ጨዋታውም አይገባኝ። በዝናብ ቆሜ አየሁ፣ አየሁ፣ አንድ ቀን ገባኝ። ከገባኝ በኋላማ ማን ይመልሰኝ!»

እዚህ ዴይ ኬር ሲመጡ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ የምግብ ማብሰያ ፕሮግራም ላይ ነበር። ሪሞቱን ለምነው ተቀበሉና ጨዋታውን ከፈቱ። የተቀመጠው ሁሉ አጉረመረመ፤ የእንግሊዙ ኮሜንታተር ንግግር ደግሞ ለማንም አልገባ አለ። ስለዚህ ድምፁን አጠፉና ራሳቸው በአማርኛ ማስረዳት ጀመሩ። አንድ ቀን ቦጋለ የሚባል የኒው ሆፕ ሹፌር እናቱን ሊወስድ መጥቶ፣ ቆሞ ሰማ፣ አልሄድ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት «ቤቴ ሆኜ እየሰማሁ ልይ» ብሎ ለማኅበር ስብሰባ የሚጠቀሙበትን፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበትን የኮንፈረንስ የስልክ መስመር ከፈተላቸው። አምስት ሰው ገባ። ቀጥሎ ሠላሳ። አሁን ማን ማን እንዳለ አያውቁትም።

«ሁሉም ቴሌቪዥኑን ድምፅ ያጠፋል፣ በስልክ እኔን ይሰማል» አሉ። «አንድ ላይ እንድንሆን እኔ እቆጥራለሁ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ክፈቱ። በጾም ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አቁሙ እላለሁ፤ እንቀምሳለን፤ ደግሞ እቆጥራለሁ። ሙስሊሞቹም እኛን ይጠብቃሉ። መልካም ሰዎች ናቸው።»

ሓድነት ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ። «ጋሼ፣ አርባ ለስድስት ሲሸነፉ ለምን ሰው አይነሣም?»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ግንቡ ሜዳ ላይ እያለ የት ይሄዳሉ?»

ግንቡ የሃርስዊክ ግዙፍ የፊት ተጫዋች ነው። ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይህ የመጨረሻ ዘመኑ ነው፤ እናቱ እዚያው ዳቦ ፋብሪካ ከተወልደብርሃን ጎን ሠርተዋል። ሓድነት ፈጠራ መስሏት ስትጠይቃቸው ኮስተር አሉ።

«ውሸት አልናገርም። ሐሙስ ሐሙስ ለድሮ ጓደኞቼ እደውላለሁ። ማን ታመመ፣ ማን አገባ፣ ማን ከአሠልጣኙ ተጣላ፣ ሁሉን እጠይቃለሁ። ይኸው ወረቀቱ።»

ከጎናቸው የተቀመጡት እማማ ገላኔ፣ የሰማንያ ዓመት የወለጋ ሴት፣ የሓድነትን ክንድ ያዝ አደረጉ። «ያ ልጅ ሰውን ይጥላል፣ ከዚያ እጁን ሰጥቶ ያነሣዋል» አሉ በኦሮምኛ ቅላፄ። «እንደሱ ያለ ልጅ የማን ነው? አርብ ዶክተር ቀጠሮ ቢሰጠኝ አልሄድም አልኩ።»

ጨዋታው ተጀመረ። ሓድነት አራት ወር ሙሉ ያጠናችውን ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ኳስ በእጅ ወደ ኋላ እየተቀባበሉ ወደ ፊት የሚሄዱበት ጨዋታ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ እስኪወድቅ ዕድል አለው፤ ስድስተኛው ላይ ኳሱን ያስረክባል። ተወልደብርሃን እያንዳንዱን መውደቅ ይቆጥራሉ። አንዱ መስመሩን አልፎ ኳሱን መሬት ሲያስነካ ደግሞ ከወንበራቸው በግማሽ ተነሥተው «አሳረፋትት!» ብለው ይጮኻሉ፤ አዳራሹ ያስተጋባል፤ ከስልኩም ውስጥ የስንት ቤት ጩኸት ተግተልትሎ ይወጣል።

*

ሰኞ ዕለት ሓድነት ለክሬግ ሁሉን ነገረችው። ክሬግ ወንበሩን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ አዳመጣት።

«ደስ የሚል ታሪክ ነው። ለበላዮቼ ግን ታሪክ ይዤ አልገባም። አንድ ሽማግሌ በስልክ እያወራ ነው ይህን ሁሉ የሚያመጣው ብል ይስቁብኛል። ማረጋገጫ አምጪ።»

ሓድነት የግድግዳውን ካላንደር አየች።

«በዚህ ሳምንት አርብ ማን ነው የሚጫወተው?»

«አንደኛውና ሁለተኛው። የወሩ ትልቁ ጨዋታ።»

«በእነዚህ ሦስት ሰፈሮች ማንም አይኖርም» አለች። «ሮቦት ከሆነ ይመጣል። ሰው ከሆነ አይመጣም። አርብ የእኛ ስቅለት ነው፤ ጋሽ ተወልደም ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ስርጭት የለም።»

«ሓድነት፣ የዚህን ሳምንት ቁጥር እኮ ነው ለውሳኔ የሚያዩት! ከወደቀ አለቀልን።»

«አውቃለሁ» አለች። በኢሜይል ጻፈችለት፤ በመላው ከተማ ከአራት መቶ አይበልጥም ብላ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀመጠች።

አርብ ዕለት ስልኳን መኪና ውስጥ ትታ ከእናቷ ጋር ስትሰግድ ዋለች። ግንባሯ ምንጣፉን ነካ፤ በመሃል በመሃል ጨዋታው ትዝ እያላት ይቅር በለኝ ትላለች። ከወንዶቹ በኩል ጋሽ ተወልደ ወንበር ይዘው በዝግታ ሲያጎነብሱ አየቻቸው። ስግደቱ አልቆ መኪናዋ ውስጥ ስትገባ የክሬግ መልእክት ጠበቃት። «ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት። ሁሉም ጠፉ። የት ናቸው?»

ሓድነት በሩን ከፍታ ወጣች። የመኪና ማቆሚያው ሞልቶ፣ መኪናዎች በሣሩ ላይ፣ በመንገዱ ዳር፣ እስከ ማዶ ድረስ ተደርድረዋል፤ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከደጁ እየፈሰሰ ነው። ፎቶ አንሥታ ላከችለት። ከሥሩ ጻፈች፦ «እዚህ።»

ከክሬግ አንድ መስመር መጣ። «ውሳኔው በአንድ ሳምንት እንዲዘገይ አድርጌያለሁ። የሚቀጥለው አርብ ዋዛ እንዳይመስልሽ።»

*

የሚቀጥለው አርብ ፋሲካ አልፎ ሰው ፈስኮ፣ ከተማውም ገና መሞቅ የጀመረበት ቀን ነበር። ሃርስዊክ ከዶልባንክ ጋር በድጋሚ ይጫወታል። ሃርስዊክ በዚህ ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። የሓድነት ስሌት፣ የጋሽ ተወልደን ሰዎች ሳይጨምር፣ መቶ ዘጠና ይላል።

ላፕቶፗን ይዛ ቡርንስቪል ከጋሽ ተወልደ ጎን ተቀመጠች። ክሬግ ቢሮው ሆኖ በጆሮ ማዳመጫዋ በኩል ስልክ ላይ ነው። ስለ ስቅለቱ ነገር ወሬው ከተማውን አዳርሷል፤ እትዬ ቅድስት ለማን እንዳላወሩ እግዜር ይወቅ።

«ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ክፈቱ!» አሉ ጋሽ ተወልደ።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ። አንድ ሺህ አራት መቶ። ከዚያ ቁጥሩ ማሽቆልቆል ጀመረ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ። አንድ ሺህ አንድ መቶ። ጨዋታው ስድስት ለስድስት ነው፤ ምንም ምክንያት የለም።

የእትዬ ቅድስት ስልክ ጮኸ። «ቦጋለ ነው» አሉ። «መስመሩ አላስገባ አለኝ ይላል። ሞልቷል ይላል። ኒው ሆፕ ያሉት ሁሉ እየተጣሉበት ነው፤ ያለ ጋሽ ተወልደማ ምን ሊገባን ብለው እየዘጉ ነው!»

የኮንፈረንሱ መስመር የሚይዘው አንድ ሺህ ሰው ብቻ ነበር።

«ክሬግ!» አለች ሓድነት፣ በጆሮ ማዳመጫዋ። «አፑ ላይ ሁለተኛው የድምፅ ምርጫ ምንድን ነው?»

«የስታዲየሙ ድምፅ ብቻ፣ ያለ ኮሜንታተር። ማንም አይነካውም።»

«ጋሽ ተወልደን እዚያ ላይ ማስገባት ትችላለህ? አሁን?»

የወንበር መገፋት፣ የበር መከፈት፣ የሩጫ ድምፅ ሰማች። «አሥራ አምስት ዓመት ሬዲዮ ውስጥ ምን ስሠራ ነበር ትያለሽ? ስልክ ቁጥራቸውን ላኪ። የሚጠይቀኝ ካለ ሰኞ እመልስለታለሁ። አሥር ደቂቃ ስጪኝ።»

በጣም ረጅም አሥር ደቂቃ ነበር። ተመልካቹ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ደረሰ። ዶልባንክ አሥራ ስምንት ለስድስት መራ። ጋሽ ተወልደ ድምፃቸው ሳይወርድ፣ ዳቦ ፋብሪካው በር ላይ የግንቡ እናት ምን እንዳሏቸው እየተረኩ ሰዉን ያዙ። የራሳቸው ሁለተኛ ስልክ ሲጠራ ሓድነት አንሥታ አፋቸው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይናገሩ» አለ ክሬግ በእንግሊዝኛ። «አየር ላይ ነዎት።»

ጋሽ ተወልደ ሓድነትን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወገኖቼ፣ ስልኩን ዝጉት። ቴሌቪዥኑ ላይ ድምፅ የሚለው ውስጥ ግቡና ሁለተኛውን ምረጡ። እዚያ አለሁላችሁ። ላልሰማው ደውሉለት። እርስዎ ሐጂ፣ ለልጅዎ ይደውሉ። ገላኔ፣ ለነዚያ ለሴንት ሉዊስ ፓርኮቹ!»

አዳራሹ በሙሉ ስልኩን አወጣ። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ ጩኸት ሆነ። «ሁለተኛውን! ኧረ ሁለተኛውን በለው!» እትዬ ቅድስት ሪሞቱን ይዘው ትልቁን ቴሌቪዥን ሁለተኛው ድምፅ ላይ አደረጉት፤ የጋሽ ተወልደ ድምፅ ከግድግዳው ወጥቶ አዳራሹን ሞላው። ሽማግሌው ራሳቸው ደነገጡ።

ሓድነት ስክሪኗን አየች። ድምፅ ያጠፉት ቴሌቪዥኖች አንድ በአንድ፣ ከዚያ በመቶ በመቶ፣ ድምፅ እየከፈቱ ነው። አንድ ሺህ ሦስት መቶ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ሁለት ሺህ።

«ሓድነት፣ እያየሽው ነው?» ይላል ክሬግ። «እያየሽው ነው?»

ሃርስዊክ አንድ አሳረፈ፣ ከዚያ ሌላ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጭማሪውን ምት በምሰሶዎቹ መሃል አሳለፈ፤ በስድስት በስድስት ነጥብ አሥራ ስምንት እኩል ሆነ። ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው በቅጣት ምት ሁለት ነጥብ ጨመረ። ሃያ ለአሥራ ስምንት! እማማ ገላኔ ነጠላቸውን አወለቁ።

የመጨረሻው ደቂቃ ደረሰ። ዶልባንክ ኳስ ይዞ ከሃርስዊክ መስመር አምስት ሜትር ላይ ነው። ስድስት ዕድል አለው። አንዴ ካሳረፈ አለቀ።

«አንድ!» አሉ ጋሽ ተወልደ። «ወደቀ። ግንቡ ነው የጣለው።»

«ሁለት!» አዳራሹ አብሮ ቆጠረ። ማንም የተቀመጠ የለም። ዎከር የያዙት እንኳን ቆመዋል።

«ሦስት! በግራ መጡ፣ በግራ! ያዙት፣ ያዙት... ወደቀ!»

«አራት!» ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ነው የቀረው። እማማ ገላኔ በኦሮምኛ ነው የሚቆጥሩት፤ «አፉር!» ብለው የሓድነትን እጅ ጨምቀው ይዘዋል።

«አምስት! መስመሩ ላይ ነው፣ አንድ ክንድ ቀረው፣ አንድ ክንድ! አልደረሰም!»

ዶልባንኮች ኳሱን ለግዙፉ ተጫዋቻቸው ሰጡት፤ የማብቂያው ደወል ተደወለ፤ ይህ ዕድል እስኪያልቅ ግን ጨዋታው ይቀጥላል፤ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ግንቡ ከመስመሩ ተነሥቶ ገጠመው፤ ሌሎች ሁለት ከጎን ደረሱ። አራቱም ተያይዘው በመስመሩ ላይ ወደቁ። ኳሱ አይታይም። ዳኛው ጎንበስ አለ። ፊቱን አስጠግቶ አየ። ከዚያ እጁን በአግድም ዘረጋ፤ ኳሱ መሬት አልነካም።

«ስድስት!» ጮኹ ጋሽ ተወልደ፣ ድምፃቸው ተሰንጥቆ። «ስድስት! ስድስት! ግንቡ ደረቱ ላይ ይዞታል! ኳሷን ደረቱ ላይ ይዟት መሬት ከለከላት! ሃርስዊክ አሸነፈ! የዳቦ ሠሪዎቹ ልጆች አሸነፉ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሓድነት በቅደም ተከተል አታስታውሰውም። እልልታ ነበር። ሐጂው ጋሽ ተወልደን አቅፈው ግንባራቸውን ሳሟቸው። እትዬ ቅድስት እያለቀሱ የደም ግፊት መለኪያ ፍለጋ ሮጡ፤ ከአርባው ሰው የማንን እንደሚለኩ አላወቁም። የጎማ ሱቁ ሠራተኞች ምን ተፈጠረ ብለው በመስኮት አዩ። ላፕቶፑ ከጠረጴዛው ወድቆ መሬት ላይ ነበር፤ ስታነሣው ቁጥሩ እዚያ አለ። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ። ድምፅ ያጠፋ አንድም ሰው የለም ማለት ይቻላል። በጆሮዋ ክሬግ ይስቅ ነበር፤ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።

*

ሰኞ ሓድነት ሪፖርቷን አቀረበች። ስድስት ሰው ከጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ጎረቤታም ከተሞቹ፣ ስለ ነጥብ ልዩነቱ በየተራ አስረዳች። ከዚያ የሦስቱን ሰፈሮች መስመር አሳየች፤ የሁዳዴውን ፖዝ፣ የስቅለቱን ባዶ ቀን፣ ያለፈውን አርብ።

«ሰው ተጫዋቹን ካወቀው ውጤቱ ምንም ቢሆን አይነሣም» አለች። «እኔ ይህን ስሌቴ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። ተጫዋቹን በገዛ ቋንቋው የሚያስተዋውቀው ሰው ሲያገኝ ነው የሚቆየው። እኛ እስካሁን ማንንም አላስተዋወቅንም።»

ብዙ ተጠየቀች። ሁለቱ አላመኑም፤ አንዷ ሴት ግን የስቅለቱን ግራፍ ሦስት ጊዜ አስመልሳ አየችው። ክሬግ የጋሽ ተወልደን የመጨረሻ አንድ ደቂቃ ብቻ ከፍቶ አሰማቸው። አንድም ቃል አልገባቸውም። ከመካከላቸው የወንበሩን እጀታ ሳይጨብጥ የሰማ ግን አልነበረም።

ውሉ ለአንድ ዓመት ታደሰ። ሓድነትና ክሬግ የፈለጉትን ሁለት ዓመት አልሰጡም። አርብም ቅዳሜም አማርኛ እንዲኖር፣ ሌላም ቋንቋ እንዲሞከር ተፈቀደ።

ሓድነት በስልክ ልትነግራቸው አልፈለገችም። በቀጥታ ጋሽ ተወልደ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩበት አፓርትማ ሄደች። በሩን ከፍተው ቆመው ሰሟት፤ ስትጨርስ ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊታቸው ጭንቅ አለ።

«ቅዳሜም?» አሉ።

«ቅዳሜም፣ ጋሼ። ካልፈለጉ...»

«የቅዳሜዎቹን ቡድኖች እኮ አላውቃቸውም! አንዱን ተጫዋች እንኳ የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም።» ዞር ብለው ወደ ውስጥ እየገቡ ነበር፤ ከመሳቢያ ንጹህ ወረቀት ሲያወጡ ታያለች። «ምን ትቆሚያለሽ፣ ልጄ? ግቢ እንጂ! ዛሬ ሰኞ ነው፤ የቀረን አምስት ቀን ነው። ስልኩን አቀብዪኝ፣ እንግሊዝ አገር ሰው ሳይተኛ እንደውል።»